«ምን አለበት?»፦ ከኩዋላ ላምፑር እስከ ፔናንግ፣ የሦስት ቀን የምግብ ጉዞ ማስታወሻ

ይህን ጉዞ ያሰብነው እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ አብራን በሰነበተችበት የሐምሌ ወር ነው። ቀኑን የመረጠችልን እሷ ናት ማለት ይቻላል፤ የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ቀን ተፈትቶ የፍልሰታ ጾም ነሐሴ 1 ቀን እስኪገባ ድረስ ያለው ጊዜ ከረቡዕና ከዓርብ በቀር የፍስክ ስለሆነ፣ የማሌዥያን ምግብ በየአገሩ ሄደን እንቅመስ ከተባለ ከዚህ የተሻለ ወቅት አልነበረም። ባለቤቴ ሥራ ይዞ ኩዋላ ላምፑር ከገባን ሦስት ዓመት አልፎናል፤ ይሁንና በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ከቤታችን አቅራቢያ ካሉት ጥቂት ምግብ ቤቶች ርቀን አናውቅም ነበር። ጉዞው ለእናቴ ተብሎ ይታሰብ እንጂ እኔንም የ11 ዓመቷን ልጄንም የ7 ዓመቱን ታናሽ ወንድሟንም አስተምሮናል።

ከመነሳታችን በፊት የእናቴን ሥርዓት መናገር አለብኝ፤ የበላነውንም ያልበላነውንም የወሰነው እሱ ነውና። እናቴ ከቤት ውጭ ሥጋም ዶሮም አትቀምስም። የአሳማ ነገር አይነሳም። ከባሕር ፍጥረት ክንፍና ቅርፊት ያለውን ዓሣ ትበላለች፤ ሽሪምፕ፣ ሸርጣንና ቀንድ አውጣ መሰል ነገር ግን አይነካትም። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ የፈራው በላቻንን ነበር። በላቻን ማለት ጥቃቅን ሽሪምፕ በጨው ታሽቶ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆና ተብላልቶ፣ በመጨረሻም እንደ ጡብ ተጠፍጥፎ የሚሸጥ ቅመም ነው። ቁራጩ ከቃሪያና ከሽንኩርት ጋር ተወቅጦ በየወጡ መሠረት ስለሚገባ፣ የማላዮችን ወጥ ያለ በላቻን ማግኘት ለእኛ ያለ ሽንኩርት የተሠራ ወጥ እንደ መፈለግ ያህል ነው።

ዓርብ

ጉዞውን የጀመርነው በዓርብ ራት ነው። ቀኑ ጾም ስለሆነ ያመራነው ወደ ብሪክፊልድስ ሲሆን፣ ይህ ከዋናው የባቡር ጣቢያ ከኬኤል ሴንትራል አጠገብ ያለ የሕንዶች ሰፈር ነው። የስሙ ትርጉም የጡብ ሜዳ ማለት ነው፤ ኩዋላ ላምፑር በ1881 በእሳትና በጎርፍ ከወደመች በኋላ ከተማዋ በጡብ እንድትሠራ ሲወሰን ጡቡ ይጠፈጠፍ የነበረው እዚህ ነው። ኋላም የባቡር መንገዱ ሠራተኞች የነበሩት ታሚሎች ሰፍረውበት፣ ዛሬ ጎዳናው በአበባ ጉንጉን፣ በዕጣንና በሚቆላ ሰናፍጭ ሽታ የተሞላ ነው።

የገባንበት ቤት ሥጋ የማይገባበት የአትክልት ቤት ነበር። በየፊታችን ሰፊ የሙዝ ቅጠል ተነጠፈ፤ አስተናጋጁም ከባልዲ መሰል ዕቃዎች እየጨለፈ ሩዙን መሀል ላይ፣ ጎመኑን፣ ዱባውን፣ በእርድ የተሠራውን ጥቅል ጎመን፣ የማንጎ አቻሩን (በቅመም የተዘፈዘፈውን) በዙሪያው ደረደረ። እናቴ ሳትጠየቅ እጇን ታጥባ በቀኝ እጇ መጉረስ ጀመረች፤ በዚህች አገር ማንኪያ ሳይቀርብላት በደስታ የበላችበት የመጀመሪያው ማዕድ ይህ ነው። ራሳም የሚባለውን ቀጭን መረቅ ቀምሳ ቁንዶ በርበሬውን ወዲያው ለየችው፤ ኮምጣጣነቱ ግን ከሎሚም ከሆምጣጤም እንዳልሆነ ተናግራ ዝም አለች። ታማሪንድ ነው፣ በድሬዳዋና በሐረር ሁመር የሚባለው። ስሙን ስነግራት ራሷን ነቀነቀች።

ክኩ ሲመጣ ግን ሁለት ጊዜ ጎርሳ እጇን አሳረፈች። ምንም አላለችም፤ ጣቷን ወደ አፍንጫዋ ጠጋ አድርጋ ብቻ አሸተተች። ቅቤ ነበረበት። እኔ ከመቀመጣችን በፊት «ሥጋ የሌለበት ነው ወይ?» ብዬ ጠይቄ «አዎ፣ ሁሉም» ተብዬ ነበር፤ መልሱም እውነት ነው፤ ለሂንዱ አትክልት በላተኛ ወተትና ቅቤ የተፈቀደ ነውና። ዐይኔ እንባ ሞላ። ሦስት ዓመት በዚህ አገር ኖሬ ይህን አለማወቄ አሳፈረኝ። እናቴ ግን ቅጠሏን በእርጋታ ወደ ፊት ገፋ አድርጋ፣ «ልጄ፣ የጠየቅሽው ስለ ጾም ነው። የእነሱ ጾም ሌላ ነው፣ የእኛ ሌላ። ከእንግዲህ ነገሩን በስሙ ጠርተሽ ጠይቂ» አለችኝ።

ትልቋ ልጄ በትምህርት ቤት ማላይኛ ስለምትማር ደብተሯን አውጥታ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ጻፈች፦ ሚኛክ ሳፒ የተነጠረ ቅቤ፣ ሱሱ ወተት፣ ተሉር እንቁላል፣ ኡዳንግ ሽሪምፕ፣ አያም ዶሮ፣ ባቢ አሳማ። ከፊታቸውም «አዳ» የምትል ቃል አኖረች፤ «አለ ወይ?» ማለት ነው። ይህች ገጽ እስከ እሑድ ማታ ከእጃችን አልተለየችም። አስተናጋጁም ነገሩ ሲገባው በእርድና በጨው ብቻ የበሰለ ድንችና ባሚያ አምጥቶ በአዲስ ቅጠል አቀረበላት። በልተን ስንጨርስ እንደ አገሩ ወግ ቅጠሉን ከላይ ወደ ራሳችን አጠፍነው፤ ረክቻለሁ፣ ተመስገን ማለት ነው።

ቅዳሜ

ባቡራችን የሚነሳው ማለዳ ስለነበር ቁርሳችንን የገዛነው ጎህ ሳይቀድ ነው። ከቤታችን ማዶ ባለው ዛፍ ሥር አንዲት ማላይ እናት በየማለዳው ናሲ ለማክ ይሸጣሉ። ናሲ የበሰለ ሩዝ ነው፤ ለማክ ደግሞ ስቡንና ልስላሴውን የሚገልጽ ቃል ነው፤ ሩዙ የሚበስለው በኮኮናት ወተትና ፓንዳን በሚባል መልካም ሽታ ባለው ቅጠል ነውና። ከሩዙ ጋር የተቀቀለ እንቁላል ግማሽ፣ ኪያር፣ የተቆላ ለውዝ፣ ተጠብሰው የተንኮሻኮሹ ደቃቅ ዓሦችና ሳምባል የሚባለው ቀይ የቃሪያ ድልህ ይቀርባል።

እናቴን የያዛት ግን ምግቡ ሳይሆን ቅጠሉ ነው። ሴትዮዋ የሙዙን ቅጠል ከመጠቅለላቸው በፊት በትንሿ የጋዝ እሳት ላይ ቀኝና ግራ ያሳልፉታል፤ ደብዛዛ የነበረው አረንጓዴ በቅጽበት ያብለጨልጭና ይለሰልሳል፤ ከዚያ በኋላ ቢያጥፉት አይሰነጠቅም። «እኔም ኮባውን ለድፎ ስለበልብ እንዲሁ ነው» አለች እናቴ፤ ጠጋ ብላም የትኩስ ቅጠሉን ሽታ ሳበች። ልጄ «አዳ በላቻን?» ብላ ስትጠይቅ ሴትዮዋ ሳያመነቱ ሳምባሉ ውስጥ እንዳለ ተናገሩና የእናቴን ድርሻ ያለ ሳምባል፣ በግማሽ እንቁላል ምትክ ሙሉ አድርገው ጠቀለሉላት። «መክ ቺክ» ብለው ጠሯት፤ በማላይኛ አክስት ማለት ነው፤ እኛ እትዬ እንደምንለው።

ናሲ ለማክ፣ ሮቲ ቻናይ የሚባለው ቂጣና ተህ ታሪክ የሚባለው ሻይ በአንድነት የማሌዥያ የቁርስ ባህል ተብለው በ2024 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብተዋል። መዝገቡ የአገሪቱ ልዩ ልዩ ሕዝቦች ቁርስን አብረው መብላታቸውን ነው ዋና ነገር ያደረገው። እኔ በሦስት ዓመት ውስጥ ያየሁትም ይህንኑ ነው፤ ማላዩ፣ ቻይናዊውና ሕንዱ ራቱን በየቤቱ ሲበላ፣ ቁርሱን ግን አንድ ሰፈር ላይ ተገናኝቶ ይበላል።

ኢፖህ ለመድረስ በፈጣኑ የኤሌክትሪክ ባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። የዘንባባ እርሻው ሲያልቅ ድንገት ነጫጭ የኖራ ድንጋይ ተራሮች ከሜዳው ቀጥ ብለው ይነሳሉ። ይህ የኪንታ ሸለቆ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ከደቡብ ቻይና የመጡ ሠራተኞች ቆርቆሮ ሊያወጡ የጎረፉት ወደዚህ ሲሆን፣ ዛሬ ኢፖህ የምትታወቅባቸውን ምግቦች ያስቀሩላት እነሱ ናቸው። በ1917 የተጠናቀቀውን ባለ ጉልላት ነጭ የባቡር ጣቢያ ልጆቹ ፎቶ እስኪያነሱት ብቻ ቆመን፣ ወደ አሮጌው ከተማ ገባን።

የተቀመጥንበት ቤት ኮፒቲያም ነው፤ ኮፒ በማላይኛ ቡና፣ ቲያም በሆኪየን ቻይንኛ ሱቅ ስለሆነ ስሙ ራሱ የሁለት ሕዝብ ነው። ባለ ዕብነ በረድ ክብ ጠረጴዛ፣ የጣውላ ወንበር፣ ጣሪያው ላይ ቀስ ብሎ የሚዞር አየር ማራገቢያ። የኢፖህ «ነጭ ቡና» የሚጠጣው እዚህ ነው። ነጭ የተባለው ከአቆላሉ የተነሳ ነው። በአብዛኛው የማሌዥያ ቡና ሲቆላ ስኳርና ማርጋሪን ይጨመርበትና ስኳሩ ተቃጥሎ ፍሬውን ያጠቁረዋል፤ የኢፖሁ ግን በዘንባባ ማርጋሪን ብቻ ስለሚቆላ ቀለሙ ፈካ ይላል። ከዚያም በቆርቆሮ የሚሸጠው ጣፋጭ ወፍራም ወተት ይደረግበታል።

ለእናቴ በቡና ላይ ማርጋሪን ማለት ይከብዳት ይሆናል ብዬ ሰግቼ ነበር። እሷ ግን አልደነቃትም። ልጅነቷን ያሳለፈችው በክብረ መንግሥት ነው፤ በዚያ አካባቢ የጉጂ ሰዎች ቡና ቀላን ሲያዘጋጁ፣ ከነገለፈቱ ያለውን ደረቅ ቡና ጫፉን እየነከሱ በቅቤ ጠብሰው ለእንግዳ እንደሚያቀርቡ አይታለች፤ በልታለችም። «ቡናን በቅባት መቁላት የእኛም ነው፤ አዲስ አበባ ያለው ሰው ስለማያውቀው ነው» አለች።

ቡና ቀጂው ከጎናችን ስለነበር ሥራውን በሙሉ አየነው። ዱቄቱ የሚገባው ረጅም እጀታ ባለው የጨርቅ ማጥለያ ውስጥ ነው፤ ጨርቁ ከዘመን ብዛት የቡና ቀለም ይዞ እንደ ቆዳ ሆኗል። የፈላውን ውኃ ረጅም አፍ ካለው ማንቆርቆሪያ ያፈስበታል፤ የወረደውን መልሶ ያፈስሰዋል፤ እንደገናም ይመልሰዋል። ወፍራሙን የሸክላ ስኒ ደግሞ ቡናው ከመቀዳቱ በፊት በፈላ ውኃ ያሞቀዋል። እናቴ ወተቱን አልፈለገችምና «ኮፒ ኦ ኮሶንግ» አዘዝንላት፤ ያለ ወተት ያለ ስኳር ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ፉት ካለች በኋላ ዱቄቱ ወፍራም፣ ጣዕሙ ከባድ፣ መዓዛው ግን ከእኛ ቡና ያነሰ ነው አለች። ፍርዷ ልክ ነበር፤ በማሌዥያ በብዛት የሚበቅለው ላይቤሪካ የሚባለው ዝርያ ሲሆን፣ መዓዛው ከእኛ ዓረቢካ ሌላ ነው። እኔ ግን ልናገር፤ ጣፋጩን ወተት ከነአረፋው ያለበትን ነጭ ቡና እወደዋለሁ፤ ከቡና ሥነ ሥርዓታችን ጋር አላወዳድረውም እንጂ በራሱ ቦታ ሙሉ የሆነ ነገር ነው። ልጆቹ በከሰል በተጠበሰ ዳቦ ላይ ካያ ተቀብቶላቸው በሉ፤ ካያ ከእንቁላል፣ ከኮኮናት ወተትና ከፓንዳን የሚሠራ ማርማላታ ነው።

ለምሳ ኢፖህ የምትታወቅበትን የማሾ ቡቃያ በላን። የማሾ ቡቃያ በየትኛውም የቻይና ሱቅ አለ፤ የዚህ ከተማ ግን አጭርና ወፍራም ነው፣ ሲነከስም ውኃው ይፈነዳል። የአገሩ ሰዎች ምክንያቱን ለኖራ ድንጋዩ ውኃ ይሰጣሉ። ቡቃያው በፈላ ውኃ ለአፍታ ተነክሮ፣ ከተቀቀለ ዶሮና ሆር ፈን ከሚባል ለስላሳ የሩዝ ኑድል ጋር ይቀርባል። በሳህኑ ላይ የሚፈሰው ዘይት ከዶሮ የወጣ መሆኑን ስንጠይቅ ተረዳን፤ ለእናቴም ቡቃያው በአኩሪ አተር ድልህና በነጭ ቁንዶ በርበሬ ብቻ መጣላት። አንድ ሙሉ ሳህን ብቻዋን ጨረሰች። ለዶሮ ብዬ ይህን ያህል መንገድ አልመጣም ነበር፤ ለዚህ ቡቃያ ግን ተመልሼ እመጣለሁ።

ከሰዓት በኋላ ያለው ባቡር ወደ በተርወርዝ አደረሰን፤ ከዚያ በጀልባ ወደ ፔናንግ ደሴት ተሻገርን። የጆርጅ ታውን ከተማ በ1786 በእንግሊዝ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የተቆረቆረች የንግድ ወደብ ስትሆን፣ በ2008 ከመላካ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ጀልባው ላይ ነፋሱ ልጆቹን ደስ አሰኛቸው። ዕቃችንን ማረፊያው ውስጥ እንዳስቀመጥን ራት ፍለጋ ወጣን።

ራታችን ናሲ ካንዳር ነበር። ካንዳር ማለት በትከሻ የሚሸከሙት አግዳሚ እንጨት ነው፤ ከደቡብ ሕንድ የመጡ ታሚል ሙስሊሞች በአንዱ ጫፍ ሩዝ፣ በሌላው ወጥ አንጠልጥለው ለወደብ ሠራተኞች እየዞሩ ሲሸጡ የቀረ ስም ነው። ዛሬ እንጨቱ የለም፤ ድስቶቹ በረድፍ ተደርድረው ሰው ተሰልፎ ያስቀዳል። የዚህ ምግብ ዋናው ጥበብ መረቁ ነው። ቀጂው ከአምስትና ከስድስት ድስት መረቅ እየጨለፈ በአንዱ ሩዝ ላይ ያፈሰዋል፤ በዝቶ ሩዙን ሲያጥለቀልቀው «ባንጂር» ይሉታል፣ ጎርፍ ማለት ነው። ባለቤቴ ጎርፉን አዘዘ፤ እውነትም የዶሮው፣ የበሬውና የዓሣው መረቅ ተቀላቅሎ የትኛውም ብቻውን የማይሰጠውን ጣዕም ይሰጣል።

ለእናቴ ግን ጭልፋው ራሱ ችግር ነበር፤ ከዶሮው ድስት ወጥቶ ዓሣው ውስጥ ይገባል። ልጄ ደብተሯን ይዛ ቀረበችና «ቻምፑር (ቅልቅል) አይሁን፣ አያም የለ፣ ኡዳንግ የለ» የሚል ትርጉም ያለው ነገር በትሕትና ተናገረች። ቀጂው ከኋላ ካለው አዲስ የዓሣ ድስት በንጹሕ ጭልፋ ቀድቶ ባሚያ ጨመረበት። እናቴ አንድ ጎረሰችና ዐይኖቿ በሩ። «አብሽ!» አለች። እውነትም ነው፤ ታሚሎች የዓሣ ወጣቸውን ሲያቁላሉ መጀመሪያ ዘይቱ ውስጥ የሚጥሉት አብሽ ነው። ከዚያ በኋላ ድንብላሉን፣ ከሙኑን፣ እርዱን፣ ሰናፍጩን በየተራ እየጠራች በላች፤ በአዲስ አበባ ቤቷ በርበሬ ስታስፈጭ በየዓመቱ የምታሰጣቸውን ቅመሞች በባዕድ ሳህን ላይ እንደ ዘመድ ትለያቸው ነበር። ታናሹ ልጄ ቃጥሎት ሁለት ብርጭቆ የሎሚ ውኃ ጠጣ፤ ሩዙን ግን አልተወም።

እሑድ

ጠዋት ሮቲ ቻናይ በላን። ጋጋሪው እንደ እንቁላል የተድቦለቦለውን ሊጥ በቅባት በተለሰነ ብረት ላይ በመዳፉ ይጠፈጥፈዋል፤ ከዚያም ጫፉን ይዞ በአየር ላይ ያወዛውዘዋል፤ እያንዳንዱ ውርወራ ያሰፋዋል፤ በመጨረሻ ብርሃን የሚያሳልፍ ሻሽ ይመስላል። አጣጥፎ ይጠብሰውና ሲበስል በሁለት እጁ እንደ ጭብጨባ ከግራና ከቀኝ መታ መታ ያደርገዋል፣ ንጣፎቹ እንዲላቀቁ። «ይሄማ ፈጢራ ነው» አለ ባለቤቴ፤ ልክ ነበር፤ ማሩ ቀርቶ በክክ ወጥ የሚበላ ፈጢራ ነው። ሻዩ ተህ ታሪክ ይባላል። ታሪክ በማላይኛ መሳብ ነው፤ ወተት የገባበት ሻይ ከአንዱ ብረት ኩባያ ወደ ሌላው ከከፍታ እየተንቆረቆረ አረፋ እስኪይዝ ስለሚሳብ ነው። ልጆቹ ይህን ቃል ከአማርኛው ታሪክ ጋር እያገናኙ ቀኑን ሙሉ ሲጫወቱበት ዋሉ።

ከቁርስ በኋላ ቾራስታ ወደሚባለው አሮጌ ገበያ ገባን። በአንደኛው ወገን በስኳርና በጨው የተዘፈዘፈ ፍራፍሬ ይሸጣል፤ በሌላው ዓሣና አትክልት። እናቴ እዚህ ከእኛ ቀድማ ትሄድ ነበር። ጠጅ ሳር በክምር ስታይ ቆመች፤ እሷ ለሻይ የምትተክለውን እነሱ ነጩን ግንዱን ወቅጠው ለወጥ እንደሚያውሉት ሲነገራት ሁለት እስር ገዛች። የሙዝ ቅጠልም ተጠቅሎ እንደ ጨርቅ ጣቃ ይሸጣል፤ ሦስት ጥቅል ያዘች። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «ይጠቅመኛል» ብቻ አለች።

ምሳችንን የበላነው ባሊክ ፑላው ላይ ነው። ስሙ የደሴቲቱ ጀርባ ማለት ሲሆን፣ ከጆርጅ ታውን በመኪና ተራራውን ዞረው የሚደርሱበት የገጠር ከተማ ነው። የሄድንበት ምክንያት አሳም ላክሳ ነው፤ ከዚህ ጉዞ አንድ ምግብ ብቻ ምረጪ ብባል የምመርጠው እሱን ነው። መረቁ የሚሠራው ማከሬል ከሚባለው ዓሣ ነው፤ ዓሣው ተቀቅሎ፣ እሾሁ ተለቅሞ፣ ሥጋው ፈርሶ መልሶ መረቁ ውስጥ ይገባል። ታማሪንድ ያኮመጥጠዋል፤ ጠጅ ሳር፣ ቃሪያ፣ በላቻንና የዱር ዝንጅብል ሮዝ አበባ ሽታውን ይሰጡታል። ሻጯ ሴት ወፍራሙን ነጭ የሩዝ ኑድል ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርጋ የፈላውን መረቅ ታፈስበታለች፤ ወዲያው ወደ ድስቱ ትመልሰዋለች፤ ይህን ሦስትና አራት ጊዜ ታደርጋለች። ቀዝቃዛው ኑድል እስከ ውስጡ እንዲሞቅ ነው። ላዩ ላይ ኪያር፣ ሽንኩርት፣ አናናስና ናና ይበተናል፤ በመጨረሻ አንድ ማንኪያ ጥቁር የሽሪምፕ ድልህ ይጨመርበታል። ኮምጣጣ፣ የሚያቃጥል፣ ጣፋጭና ዓሣ ዓሣ የሚል ነገር ባንድ ጊዜ አፍ ውስጥ ሲገባ፣ ላቤ እየወረደ ማንኪያውን ማስቀመጥ አቃተኝ።

እናቴ አልበላችውም። ድልሁን ማስቀረት ይቻላል፣ በላቻኑ ግን ድስቱ ውስጥ ነው። እኔ እየበላሁ እሷ ተቀምጣ ማየቷ ከነከነኝና ይቅርታ ጠየቅኋት። እሷ ግን ዙሪያችንን እያየች ቆይታ ነበር። ከጎናችን የተቀመጡት ቻይናዊ አዛውንት ለእምነታቸው ሲሉ ሥጋም ዓሣም ትተው ከቤታቸው ባመጡት ሣጥን ቶፉና ሩዝ ይበሉ ነበር፤ ቤተሰባቸው ላክሳውን ይበላል። ማዶ ያሉት ሕንዶች የበሬ ሥጋ ከሚሸጠው ድንኳን ርቀው ተቀምጠዋል። ሂጃብ ያደረጉ ሁለት ልጃገረዶች ከመግዛታቸው በፊት ባለድንኳኗን አሳማ የነካው ዕቃ አለመኖሩን ጠየቁ። «አየሽ፣ እዚህ የማይበላው ነገር የሌለው ሰው የለም» አለችኝ። ከዓርብ ጀምሮ ያስጨነቀኝ ነገር ያኔ ቀለለኝ። ሦስት ቀን ሙሉ «ምን አለበት?» ስንል አንድም ሻጭ አልተቆጣንም፤ ጥያቄውን በየቀኑ ከየሰዉ ሲሰሙት ኖረዋልና። ማዕዱ ሁሉ አንድ ነው ማለት አይደለም፤ ሙስሊሙ አሳማ ከሚሸጥበት ቤት አይገባም። ነገር ግን የሌላው ክልከላ ለማንም እንግዳ ነገር አይደለም።

ለእናቴ የሚሆነው ምሳ ከመንገዱ ማዶ ተገኘ፤ በእርድና በጨው የተጠበሰ ዓሣና ነጭ ሩዝ። ከዚያ በኋላ ያየችው ነገር ግን ከምሳው በላይ ደስ አሰኝቷታል። ባሊክ ፑላው የገውዝ አገር ነው፤ እንግሊዞች ከሞሉካ ደሴቶች አምጥተው በፔናንግ የተከሉት ነው። እናቴ ገውዝን ዕድሜዋን ሙሉ የምታውቀው ደርቆ በሱቅ ሲሸጥ ነው። አንድ ሻጭ ኮክ የሚመስል ብጫ ፍሬ በቢላዋ ለሁለት ከፈለላት፤ ነጭ ሥጋ፣ መሀሉ ላይ እንደ ቀይ ዳንቴል የተጠለፈ ሽፋን፣ ከዚያ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቅርፊት፣ ከሁሉም ውስጥ ገውዙ። በመዳፏ ላይ አድርጋ ብዙ ጊዜ ተመለከተችው። ሥጋውም አይጣልም፤ በስኳር ተዘፍዝፎ ይበላል፣ ተጨምቆም ይጠጣል። ጭማቂውን ሁላችንም ጠጣን።

ዱሪያንም ወቅቱ ነበር። የፔናንግ ገበሬ ዱሪያንን ከዛፉ አይቆርጥም፤ በስሎ በራሱ እስኪወድቅ ይጠብቃል፣ ለዚህም ከዛፎቹ ሥር መረብ ይዘረጋል። ሽታው በጣም ኃይለኛ ስለሆነ በሆቴሎችና በሕዝብ ማመላለሻ በር ላይ ክልክል መሆኑን የሚያሳይ ሥዕል ይለጠፋል፤ ስለዚህ እዚያው መንገድ ዳር ቆመን በላነው። ታናሹ ሦስት ፍሬ በላ፣ ትልቋ አፍንጫዋን ይዛ ራቀች፣ እናቴ አንድ ቀምሳ በቃኝ አለች። ማንጎስቲን ግን ሁሉንም አስማማ። ከሐምራዊው ቅርፊት ሥር እንደ ትንሽ አበባ የተቀረጸ ምልክት አለ፤ የአበባው ቅጠሎች ቁጥር ውስጥ ካሉት ነጫጭ ክፍሎች ቁጥር ጋር እኩል ነው። ልጄ ስድስት ቆጥሮ ሲከፍተው ስድስት ሆኖ ስላገኘው፣ ከዚያ ወዲያ ሳይቆጥር የሚበላ ሰው አልነበረም።

ወደ ጆርጅ ታውን ተመልሰን፣ ጀልባው ከመሄዱ በፊት ቼንዶል ጠጣን፤ የተፈጨ በረዶ፣ የኮኮናት ወተት፣ የዘንባባ ጥቁር ስኳር፣ ቀይ ባቄላና በፓንዳን የተቀባ አረንጓዴ የዱቄት ጠብታ። የእንስሳ ነገር ፈጽሞ የለበትም። «ይህን ዓርብ ለት ብታሳዪኝ ኖሮ!» አለች እናቴ። ልጄ በደብተሯ መጨረሻ ላይ ቼንዶል ብላ ጽፋ ከጎኑ «የጾም» የሚል ጨመረችበት።

ባቡሩ ኩዋላ ላምፑር ሲደርስ እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ልጆቹን አስተኝቼ ወደ ማዕድ ቤት ስመለስ እናቴ ነጠላዋን አውልቃ ዱቄቱን አቡክታ ጨርሳለች፤ ጥቁር አዝሙዱን ከሻንጣዋ አውጥታለች። «ሌሊቱን ኩፍ ይበል፣ ጠዋት ልጆቹ ሳይሄዱ ይደርሳል» አለችኝ። ከዚያም የቾራስታውን ጥቅል ፈትታ፣ ምድጃውን ለኩሳ፣ የሙዙን ቅጠል እንደ ናሲ ለማክ ሻጯ ቀኝና ግራ በእሳቱ ላይ ማሳለፍ ጀመረች።